ቃራሚዋ በማን ስም ተመዘገበች? «ፌሚኒዝም ከገጠር ታሪክ እጁን ያንሳ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ፌሚኒዝም ከገጠር ታሪክ እጁን ያንሳ» የሚለውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ጉዳዩን የማያውቁ ሰው አይደሉም። በመሬት ስሪት ታሪክ ላይ የሠሩ፣ የግብር መዝገብ አቧራ ያራገፉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። መልስ ልጻፍ ያልኩትም ለዚሁ ነው። ነገሩን ጨርሶ ያላነበበ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። የገጠር ታሪክ የባለመሬትና የጭሰኛ፣ የግብርና የዕዳ ታሪክ ነው፤ የሴትና የወንድ ጥያቄ በ1970ዎቹ ከከተማ የመጣ፣ መደብን በጾታ የተካ እንግዳ ነው። መዛግብቱ ስለ ሴት አያወሩም፤ ስለዚህ በየጉባኤው የሚቀርበው የፌሚኒስቶች ጥናት ክፍተቱን በምኞት የሚሞላ ነው። የሚጠቀሱት አኃዞች የተጋነኑ ናቸው። አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጡት የከተማ ምሁራን እንጂ የገጠር ሴቶች አይደሉም። በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ ንግግር ማሳ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

አምስቱ ነጥቦች እኩል አይመዝኑም፤ እኔም እኩል ቦታ አልሰጣቸውም። በአንዱ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ በአንዱ በግማሽ። የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየሁ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዳው መጣ ከተባለበት ቀን እንጀምር። ቀኑ ትክክል አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሴቶች በእርሻ፣ በፈትል፣ በንግድና በአዋላጅነት ምን ይሠሩ እንደነበር የመረመሩት አሊስ ክላርክ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1919 ነው። አይቪ ፒንችቤክ ከ1750 እስከ 1850 ስለነበሩ ሠራተኛ ሴቶች የጻፉት ጥናት የወጣው በ1930 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል የሚያወራው ስለ እርሻ ነው። ክላርክ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ ሰው ስለነበሩ «ይኸው፣ ዓላማ ነበራቸው» ሊባል ይችላል። አዎ ነበራቸው። ለጭሰኛው ወግነው የጻፉ የታሪክ ሰዎችም ዓላማ ነበራቸው፤ ጸሐፊያችን በእነሱ ላይ ይህን ክስ አላነሡም። ይልቅ መታየት ያለበት ጥያቄው ያስገኘው መልስ ነው። የክላርክ መልስ ደግሞ ዝም ተብሎ አልተዋጠም። ከካፒታሊዝም በፊት ሴቶች የተሻለ ዘመን ነበራቸው የሚለውን ሐሳባቸውን አጥብቀው ከተቹት መካከል ራሷ የፌሚኒስት ታሪክ ጸሐፊ የሆነችው ጁዲት ቤኔት ትገኝበታለች። ቤኔት በ1300 ገደማ በየመንደሩ የሴቶች ሥራ የነበረው ቢራ ጠመቃ በ1600 ወደ ወንዶች እጅ እንዴት እንደተሻገረ አጥንታ፣ ድሮም ቢሆን የሴቶቹ ሥራ አነስተኛ ክፍያና አነስተኛ ክብር ያለው እንደነበር አሳየች። ጉባኤ ማለት ይህ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው መዝገብ ይዞ ተነሥቶ የሚሞግትበት ቦታ።

ዋናው ነገር ግን ቀኑ አይደለም። ጸሐፊው «መደብን በጾታ ተኩ» ብለው የሚከሱት ነው የሚያሳስበው። አንድ ክስ ልጥቀስ።

በ1787 መኸር፣ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ ቲምዎርዝ በምትባል መንደር፣ ሜሪ ሆውተን የምትባል ሴት አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ጄምስ ስቲል የተባለ ባለእርሻ ማሳ ገብታ ቃረመች። ስቲል ከሰሰ። ጉዳዩ በ1788 ዌስትሚንስተር ለተሰየመው ፍርድ ቤት ቀረበ። የተከሳሾቹ ወገን የድሃ ቃርሚያ ከጥንት የታወቀ መብት ነው ብሎ ተከራከረ፤ የሙሴ ሕግም ተጠቀሰ። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችበትን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ክርክሩ ከየት እንደተቀዳ አይጠፋውም። ሰብሳቢው ዳኛ ሎርድ ላፍቦሮ ግን የአይሁድ ሥርዓት እንግሊዝን አያስርም አሉ። ከአንዱ ዳኛ በቀር ሌሎቹም ተስማሙና በአገሪቱ የጋራ ሕግ፣ ማለትም ከዳኞች ውሳኔ በተገነባው ሕግ፣ የታወቀ የቃርሚያ መብት የለም ተብሎ ተፈረደ።

ይህን ፍርድ የመደብ ታሪክ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ተደርጓልም። ባለእርሻው አሸነፈ፣ ድሃው ተሸነፈ፣ የግል ንብረት ከጥንት ልማድ በላይ ሆነ። ስሕተት የለበትም። ግን የክሱን ርዕስ እንመልከት፦ «ስቲል በሆውተንና በሚስቱ ላይ»። ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ የወደቀ ዛላ የለቀመችው ሜሪ ናት። በመዝገቡ ራስ ላይ የቆመው ግን ባልየው ነው፤ እሷ በስሟ እንኳ አልተጠራችም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጊዜው ሕግ ያገባች ሴት ለብቻዋ የምትከሰስ ሰው አልነበረችም። መዝገቡን በስም ማውጫ ብቻ የሚያይ ተመራማሪ አንድ ወንድ ተከሳሽ ቆጥሮ ይሄዳል።

ቃራሚዎቹ በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ጉዳዩን በዝርዝር ያጠኑት ፒተር ኪንግ ቃርሚያ በአንዳንድ አካባቢ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሸፍን እንደነበር ገምተዋል። በዚያ ላይ የጋራ ግጦሹን፣ ማገዶውን፣ በግጦሹ ላይ የምትውለውን አንዲት ላም ጨምሩበት። ጄን ሀምፍሪስ በ1990 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ጥቅሞች እያንዳንዳቸውን መንዝረው አይተዋቸዋል። ብዙዎቹን ወደ ቤት የሚያስገቡት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የጋራ መሬቱ ሲታጠርና ቃርሚያው ሲከለከል ቤተሰቡ የቀረው የባልየው የቀን ደመወዝ ብቻ ነው፤ ሚስትየዋም በባሏ ደመወዝ ላይ ተንጠለጠለች። የእንግሊዝ ገበሬ እንዴት ደመወዝተኛ እንደሆነ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይህን ሳይዝ እንዴት ይጽፋል? የሀምፍሪስ ጥናት የመደብን ጥያቄ ከጠረጴዛው ላይ አላነሣም። መደቡ የተሠራበትን እጅ አሳየ እንጂ።

ሌላም ልጨምር፤ ይኸኛው ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለጸሐፊው ይበልጥ ሊጥማቸው ይችላል። ስንዴ በትንሹ ማጭድ ሲታጨድ ሴትና ወንድ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያጭዱ ነበር። ቆመው በሁለት እጅ የሚያወናጭፉት ባለረጅም እጀታው ትልቅ ማጭድ ስንዴ ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ሥራው የወንድ ሆነ። ሴቶቹ ከኋላ እየተከተሉ ወደ መሰብሰብና ወደ ማሰር ወረዱ፤ ክፍያቸውም አብሮ ወረደ። ኪዝ ስኔል የሚባሉት የማኅበራዊ ታሪክ ተመራማሪ የእንግሊዝ ድሆች የትኛው ደብር ሊጦራቸው እንደሚገባ ለማወቅ የተመረመሩባቸውን ሰነዶች ሰብስበው፣ ሰው ሥራ የሚፈታበትን ወር ለወንድና ለሴት ለይተው ቆጠሩ። በደቡብ ምሥራቁ የእህል አገር፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የሴቶቹ የሥራ ወቅት ከአጨዳው እየራቀ ወደ ጸደይ፣ ማለትም ወደ አረሙ ወቅት፣ መሸሹን አገኙ። ሁለቱን ጾታዎች በአንድ ዓምድ ቢደምሯቸው ኖሮ ይህ ለውጥ አይታይም ነበር።

እኔ የማየው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ፌሚኒዝም የገጠር ታሪክን የጠየቀው ከሁሉ በላይ የቆጠራ ጥያቄ ነው፦ ስንቆጥር ማንን ነው የምንቆጥረው? ቤተሰብን እንደ አንድ ሰው ቆጥረን የጻፍነው ታሪክ፣ ውስጡ ስንከፍተው ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። ላይኖረውም ይችላል። ሳይከፈት ግን አይታወቅም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ «መዛግብቱ ስለ ሴት አያወሩም» የሚለው ከአምስቱ ሁሉ ደካማው ነው፤ በእኔ እይታ ጸሐፊው እንዲህ ማለታቸው ከልምዳቸው ጋር አይሄድም።

የማርታ ባላርድን ነገር እንውሰድ። በአሜሪካ ሜይን፣ ሀሎዌል በምትባል የወንዝ ዳር የገጠር መንደር የኖረች አዋላጅ ናት። ከ1785 እስከ 1812 በየቀኑ ማስታወሻ ጻፈች፤ ማንን እንዳዋለደች፣ ወንዙን በምን እንደተሻገረች፣ ስንት ክንድ ጨርቅ እንደተሸመነ፣ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት። ያዋለደቻቸው ሕፃናት ቁጥር 816 ይደርሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢውን ታሪክ የጻፉት ሰው ማስታወሻውን አይተውታል፤ ጥቂት ነገር ቀነጨቡለትና አጠቃላይ ፋይዳ የሌለው ነው ብለው አለፉት። ወረቀቱ እዚያው ነበር። ሎረል ታቸር አልሪክ በ1990 ከዚያው ወረቀት የአንድ ሙሉ የገጠር ኢኮኖሚ ታሪክ አወጡና በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። በወንዶቹ የሒሳብ ደብተሮች ውስጥ ያልነበረ አንድ ሌላ የንግድ መረብ፣ ሴቶች በፈትል፣ በሽመና፣ በአትክልትና በዶሮ እርስ በርስ የሚለዋወጡበት፣ ከዚያ ማስታወሻ ወጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምኞት የሞላው ክፍተት የቱ ነው?

ከዚያ ደግሞ የአገራችን ሰነድ አለ። በጎንደር ዘመን የነበሩ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታና የውርስ ውሎች በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። የመሬትን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ውሎች ሲመረምሩ ሴቶችን በባለመሬትነት፣ በሻጭነት፣ በገዢነትና በተሟጋችነት አገኟቸው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ይህንኑ የሚመለከቱ ጥናቶች አሳተሙ። ክራሚ የመሬት ታሪክ ሰው ናቸው፤ የፌሚኒዝምን ጉባኤ ሊያደምቁ የተነሡ ሰው አልነበሩም። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወረድ ብለን የ1967 ዓ.ም.ን የገጠር መሬት አዋጅ እንይ። አንቀጽ 4 የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት ይደለደላል፣ ከ10 ሄክታርም አይበልጥም ይላል። ሕጉ ግልጽ ነው። ድልድሉ ግን በተግባር የተሠራው በቤተሰብ ኃላፊ ነበርና ያገባች ሴት ድርሻ በባሏ ስም ሥር ገባ። እንግዲህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ሴት ባለመሬትን በስሟ ይጠራል፤ የጾታ እኩልነትን ካወጀው ሕግ በኋላ የመጣው መዝገብ ደግሞ ባለትዳሯን በባሏ ስም ይሸፍናታል። «ድሮ ሴት አልነበረችም፣ ዘመናዊነት አመጣት» የሚል ቀጥ ያለ መንገድ የለም። ይህን ጠመዝማዛ ነገር የሚያወጣው የሁለቱን ዘመን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ ነው።

ዝምታ ራሱ ታሪክ አለው። በእንግሊዝ የ1851 ሕዝብ ቆጠራ የገበሬ ሚስት ከግብርና ሥራ ጋር ተመድባ ነበር። በ1881 ቆጠራ ምደባው ተለወጠና የቤት ሥራ የሚሠሩ ሚስቶች ሥራ የሌላቸው ከተባሉት ጋር ተደመሩ። ሴቶቹ ላሟን ማለብ አላቆሙም፤ የተለወጠው ቅጹ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን ቆጠራዎች አገናኝቶ መስመር ቢስል፣ የሴቶች የእርሻ ሥራ በአንድ ትውልድ ውስጥ አሽቆለቆለ ብሎ ይጽፋል፤ የጻፉም አሉ። የመዝገብ ትችት የታሪክ ሙያ ሀ ሁ ነው። ጸሐፊው ለግብር መዝገብ የሚጠቀሙበትን ጥርጣሬ ለሥራ ዓምዱም ቢያውሉት ምን ይጎድላቸዋል?

አንዳንዴ ደግሞ መዝገቡ ይጮኻል። በ1929 መጨረሻ፣ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ኦሎኮ በምትባል መንደር፣ ንዋንየሩዋ የተባለች ሴት የዘንባባ ዘይት በማውጣት ላይ ሳለች አንድ ቆጣሪ መጣና ፍየሎቿን፣ በጎቿንና በቤቷ ያሉትን ሰዎች ቁጠሪ አላት። ከዚያ በፊት ወንዶች ተቆጥረው ግብር ተጥሎባቸዋል፤ ስለዚህ ቆጠራው ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። እናትህስ ተቆጥራ ነበር ወይ ብላ መለሰችለት። ከዚያች ግቢ የተነሣው ተቃውሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ሴቶችን አስነሣ። የቅኝ ገዢው ወታደሮችና ፖሊሶች ተኩሰው ከ50 የማያንሱ ሴቶችን ገደሉ። ቀጥሎ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1930 የብዙ ሴቶችን ቃል ተቀብሎ በጽሑፍ አስፍሯል። ለዓመታት ጉዳዩ አባ በምትባለው ከተማ ስም «የአባ ሁከት» ተብሎ በጸጥታ ችግርነት ሲነገር ኖረ፤ ቃላቸው የተጻፈበት ወረቀት ግን መደርደሪያ ላይ ነበር። የግብር ታሪክ ነው፣ የገጠር ታሪክ ነው፣ የቅኝ ግዛት ታሪክም ነው። ሴቶቹን አውጥቶ ይህን ታሪክ መተረክ የሚችል ካለ ያሳየኝ።

ግምት የበዛባቸው ጥናቶች የሉም አልልም። እንዲህ ባሉ ጉባኤዎች የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከአንድ ዘፈንና ከሁለት ተረት ተነሥቶ የመቶ ዓመት ድምዳሜ ላይ የሚወጣ አቅራቢ አይጠፋም። ግን ይህ የሚታወቀው በጉባኤው ላይ ስለቀረበ ነው። በሃያ ደቂቃው ገለጻ ማብቂያ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህ ሰነድ የየት አገር ነው? ማን ጻፈው? ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። በመሬት ስሪት ጉባኤ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ አኃዙ ነው። «ከዓለም ምግብ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚያመርቱት ሴቶች ናቸው» የሚለው አባባል መሠረት የለውም ብለዋል ጸሐፊው። እስማማለሁ፤ ውሃ አይቋጥርም። ያልነገሩን ነገር ግን አለ። አባባሉን ፈትሸው ከጣሉት መካከል ግንባር ቀደሟ በሥርዓተ ጾታና በግብርና ላይ የሚሠሩት የኢኮኖሚ ምሁር ሼሪል ዶስ ናቸው። ክርክራቸው ከጸሐፊው የጠለቀ ነው። በአንድ ማሳ ላይ አንዱ ያርሳል፣ ሌላዋ ታርማለች፣ ልጆች ወፍ ይጠብቃሉ። ከተወቃው እህል የትኛው ፍሬ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? መቶኛው ሐሰት ከመሆኑ በፊት ሊለካ የማይችል ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 ሪፖርቱ ሊለካ ወደሚችለው ሄደ፦ በታዳጊ አገሮች ከግብርናው የሰው ኃይል ሴቶች በአማካይ 43 በመቶ ናቸው፤ ከአገር አገርም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሴቶች የሚያለሙት ማሳ ምርት ከወንዶቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያንሳል፤ ልዩነቱም የመጣው ከችሎታ ሳይሆን ከማዳበሪያ፣ ከዘር፣ ከብድርና ከመሳሰለው አቅርቦት ነው። የተጋነነውን አኃዝ እያነሡ መስኩን ሁሉ መጣል፣ መስኩ ራሱ የጣለውን ነገር ይዞ መስኩን መምታት ነው።

አራተኛው ላይ በግማሽ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የገጠሯ ሴት አዳራሹ ውስጥ የለችም፤ ትክክል ነው። የምዝገባ ክፍያው፣ ቪዛው፣ የጉባኤው ቋንቋ፣ በእርሻ ወቅት መሃል የሚጠራው ቀጠሮ፣ ሁሉም እሷን የሚያስቀር ነው። በትልልቆቹ የገጠር ታሪክ ጉባኤዎች ላይ ደግሞ «ሥርዓተ ጾታ» የሚል ርዕስ ያለው መድረክ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ተሳታፊ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ሲመደብ ማየት የተለመደ ነው። ግን ጸሐፊው ይህን ክስ ለምን ለአንዱ ጉባኤ ብቻ አደረጉት? ስለ ጭሰኝነት ታሪክ በተካሄዱ ጉባኤዎች ላይ ጭሰኛ ተቀምጦ ያውቃል? ይህ የመላው የገጠር ታሪክ ሙያ ጉድለት ነው። እንዲያውም ጉድለቱን ለማረም ቀድመው የሞከሩት የሴቶቹ መድረኮች ናቸው። በ1984 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ላስ ክሩሰስ ከተማ በገበሬ ሴቶች ታሪክ ላይ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ ያደገው የገጠር ሴቶች ጥናት ማኅበር ከምሁራን ሌላ ገበሬዎችንም ያሳትፋል። በ2007 በማሊ፣ ሰሊንጌ ላይ ከ80 በላይ አገሮች የመጡ 500 ያህል ተወካዮች የተገኙበት የኒየሌኒ መድረክ ደግሞ የጥናት ጉባኤ አልነበረም፤ ገበሬዎች፣ አርብቶ አደሮችና ዓሣ አስጋሪዎች የተናገሩበት ነበር። መድረኩን ከጠሩት አንዱ የዓለም የሴቶች ሰልፍ የተባለው እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ስያሜውም በማሊ በእርሻ ሥራዋ ዝናዋ ከተነገረላት ሴት የተወሰደ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከወንበሩ ይልቅ ሌላ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ግን ሳያነሡት አልፈዋል። በብዙ ገለጻዎች ላይ «የገጠር ሴት» አንዲት ሴት ትመስላለች። መሬት የወረሰች ባልቴት፣ አማቷ ቤት የምትኖር ወጣት ሙሽራ፣ በሰው ቤት ለምግቧ የምትሠራ ገረድ፣ ገረዷን የምታዝዘው እመቤት፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ። የባልቴቷና የገረዷ ጥቅም የሚጋጭበት ቦታ ሞልቷል። የፌሚኒዝም ምሁሯ ቻንድራ ሞሃንቲ በ1980ዎቹ የምዕራብ ፌሚኒስቶች «የሦስተኛውን ዓለም ሴት» አንድ ወጥ ተጎጂ አድርገው ይስላሉ ብላ የሰነዘረችው ትችት ለገጠር ታሪክም ይሠራል። ጸሐፊው መደብን ይዘው መጥተው እዚህ ላይ ቢመቱ ኖሮ ምላሼ ሌላ ይሆን ነበር።

ቀሪው «ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በየአዳራሹ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ራስን የማወደስ ቃና ስላለው ለጸሐፊው መሰላቸት አዝንላቸዋለሁ። አንድ ገለጻ አንድ ሕግ አይወልድም። የተያያዘው ሰንሰለት ግን አለ። የዴንማርኳ ኢኮኖሚስት ኤስተር ቦዘሩፕ በ1970 ባሳተሙት ሥራ ቅኝ ገዢዎችና ከእነሱ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች አዲሱን መሣሪያ፣ ትምህርትና የመሬት ባለቤትነት ለወንዶች እየሰጡ በብዙ የአፍሪካ አካባቢ አብዛኛውን የእርሻ ሥራ የሚሠሩትን ሴቶች ወደ ዳር እንደገፉ ጻፉ። አንዳንድ ድምዳሜያቸው በኋላ ተተችቷል፤ ጥያቄያቸው ግን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ልማት ቢሮዎች ገባ። በ1979 የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን ለማስወገድ የወጣው ስምምነት አንቀጽ 14ን ለብቻው ለገጠር ሴቶች ሰጠ፤ በመሬት ማሻሻያ ጊዜ እኩል መስተናገድን ጭምር ይጠቅሳል።

ለጸሐፊው ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ግን ሕንድ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በቢሃር ግዛት፣ ቦድ ጋያ አካባቢ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ መሬት የሌላቸው ገበሬዎች ሰፊ መሬት የያዘን አንድ ገዳም ተጋፍጠው ታገሉ። ትግሉ የመደብ ትግል ነበር፤ ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት። መሬቱ ሲገኝ ግን በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ሴቶቹም እኛም ታስረናል፣ ተደብድበናል፣ በስማችን ይመዝገብልን አሉ። በአንዳንድ መንደሮች ተሳካላቸው። የኢኮኖሚ ምሁሯ ቢና አጋርዋል ይህንና የደቡብ እስያን የመሬት ታሪክ አጥንተው በ1994 መጽሐፍ አሳተሙ። በኋላም ለሂንዱ ሴቶች የውርስ መብት በተካሄደው ዘመቻ ፊት ቀደም ሆኑና በ2005 የወጣው የውርስ ሕግ ማሻሻያ የእርሻ መሬትን ከወንዶች ጋር እኩል ለመውረስ እንቅፋት የነበረውን አንቀጽ ሠረዘ።

ሕጉ ማሳ ላይ ደረሰ ወይ ለሚሉት፣ አጋርዋል ራሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ባሳተሙት ጥናት መልሰውታል። በዘጠኝ የሕንድ ግዛቶች መሬት ባላቸው የገጠር ቤተሰቦች ውስጥ ከባለመሬቶቹ ሴቶች 14 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከመሬቱ የያዙት ደግሞ 11 በመቶ ነው። መሬት ካላቸው ሴቶችም አብዛኞቹ ያገኙት ባላቸው ሲሞት በባልቴትነት እንጂ ከወላጆቻቸው በሴት ልጅነት አይደለም። የ2005ቱ ሕግ በዋናነት የተሻሻለው ለሴት ልጆች ነበር።